የልጄ ሕመም ዝም ያለ ቀን

ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲያወጧት መጀመሪያ ያየሁት ሆዷን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የልጁን ፊት ያያል፤ እኔ አንሶላውን ገለጥኩ። አንዱ እምብርቷ ላይ፣ ሌሎቹ ከጎድኗ ስር፣ ትንንሽ ፕላስተር ተለጥፎባታል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

"ይኸው ነው?" አልኩ።

"ይኸው ነው እናት፣ በካሜራ እኮ ነው የተሠራላት" አለኝ አልጋውን የሚገፋው ሰውዬ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ትልቅ ቁስል ቢሆን አውቀዋለሁ። ሲያመረቅዝ አያለሁ፣ ሲደርቅ አያለሁ። ይሄ በሩን ዘግቶ ውስጥ የቀረ ነገር መሰለኝ።

ልጄ ሁለተኛዋን ከወለደች ወዲህ ቀኝ ጎኗን እየያዘች ትጎብጥ ነበር። ቅባት የነካው ነገር ከበላች ያን ቀን አለቀላት። ቆቦ አልትራሳውንድ አነሷትና የሐሞት ጠጠር ነው ብለው ወደ ደሴ ላኩን። ባሏ ዓረብ አገር ነው። የኔም ባል ቆላ ወርዶ ማሽላ ይጠብቃል። ስለዚህ ይዣት የመጣሁት እኔው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል፣ ከወልድያ ወዲያ ያለውን አገር በወሬ የማውቅ ሴት።

የወጣላትን ጠጠር በብልቃጥ ሰጡን። ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ማዕዘን ያለው ነገር ነው። ብልቃጡን ሳንቀጠቅጠው ኮሽ ይላል። ያ ሁሉ ጩኸት ከዚህ ነው እንዴ የመጣ? አልኩ በልቤ።

የምታስታምማት ሲስተር አፏ ፈጣን የሆነ ወጣት ነበረች። መድኃኒቱን አልጋው ጠርዝ ላይ ደርድራ ታስረዳኝ ጀመር።

"እናት፣ ይስሙኝ። ሕመሙ እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁት። ይሄ ፓራሲታሞል ነው፤ ባያማትም በሰዓቱ ትውሰደው። ይሄኛው ጨጓራ ይነካል፣ ምግብ ሳትበላ እንዳትሞክረው። ይሄ ሽፋን ያለው ብርቱው ነው፤ ትራማዶል። እነዚያ ሁለቱ ካላስታገሱላት ብቻ ነው።"

"እሺ ልጄ።"

"ቀዳዳዎቹ ላይ እዚያው ተኝታ ሳለች ማደንዘዣ ወግተውላታል። ስለዚህ ዛሬ ይሻላታል። ነገ ሲለቃት ትንሽ ይብስባታል፤ እንዳይደነግጡ። ስታስል ትራስ ሆዷ ላይ ትቀፍ። ትከሻዬን ካለችዎት ደግሞ ትከሻዋ ምንም አልሆነም። ሆዷን በአየር ነፍተው ነው የሠሩት፤ የቀረው አየር ነው ወደዚያ የሚያማት። የሱ መድኃኒት መራመድ ነው።"

ከዚያ ወደ ልጄ ዞር ብላ "ከዜሮ እስከ አስር ቢሆን ሕመምሽ ስንት ነው?" አለቻት።

"ሁለት" አለች ልጄ።

ሲስተር ወደ እጇ አየች። ልጄ የአልጋውን ብረት ይዛ ጣቷ ነጥቷል።

"ከወዴት ነሽ አንቺ?"

"ከቆቦ።"

"እኮ! የራያ ሰው ሁለት ካለ ስምንት ነው። ስምንት ብዬ ይዤልሻለሁ" አለችና መርፌ አመጣች።

ከፊት ለፊታችን የተኛችው ሴትዮ ያንኑ የሐሞት ጠጠር ነው ያስወጣችው፤ እሷ ግን ቆስሎ አስቸግሮ ኖሮ በትልቁ ነው የተከፈተችው። በየሰዓቱ ትወጋለች፣ በየሰዓቱ ታቃስታለች፣ በመካከሉ ደግሞ ትቀልዳለች። "ያንቺን ልጅ በመርፌ ቀዳዳ ጎልጉለው አወጡላት፤ እኔን እንደ ቅርጫ በሬ ነው የዘረገፉኝ" ትላለች። ልጄ ሳቅ ይመጣባትና ሆዷን ይዛ "በአላህ፣ አታስቂኝ!" ትላታለች። እኔ ሁለቱን አስተያየሁ። ያቺኛዋ ሕመሟን ሁሉ አፏ ላይ አውጥታዋለች፤ ሰው ሁሉ ያውቅላታል። የኔዋ ውስጧ ነው ያስቀመጠችው።

የምንሄድ ቀን ሲስተር በር ድረስ ተከትላ መጣች። "ሕመም በየቀኑ እየቀነሰ ነው መሄድ ያለበት። ቀንሶ ተመልሶ ከጨመረ፣ ካተኮሳት፣ ሆዷ ከጠጠረ፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ያን ብርቱውን ሰጥተው እንዳያስተኙብኝ። ይዘዋት ይምጡ።" ይህን ቃሏን እንደ ዱአ እየደጋገምኩ መኪና ውስጥ ገባሁ።

መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብለን ጠይቀን፣ ክፍት ነው ተብለን ነው የተነሳነው። ለጉዞው ብላ ሲስተር ብርቱውን ሰጥታት ነበር። መርሳ ስንደርስ ልጄ በባዶ ሜዳ ትስቅ ጀመር። "እማዬ፣ ተራራው እየተከተለን ነው" አለችኝ። ከወልድያ በኋላ አፏን ከፍታ ተኛች። ጎብዬ ላይ መኪናው ጉብታ ዘሎ ራሷ ከመስኮቱ ሲጋጭ እንኳ አልነቃችም። እጄን አፍንጫዋ ስር ያዝኩት። ትተነፍሳለች። ሕመሟ ግን የት ሄደ? ከመኪናው ወርዶ የቀረ አይመስልም። እዚያው አጠገቧ ተደብቆ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ።

ቤት ስንደርስ የባሌ እህት ሁሉን አሰናድታ ጠበቀችን። ከተዳርኩ ጀምሮ ሙሽሪት ነው የምትለኝ፤ የልጅ ልጅ አይቼም ሙሽሪት ነኝ። እኔም እትዬ እላታለሁ። መደቡ ላይ ተነጥፏል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከትራሱ ስር ማጭድ ገብቷል። ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤ ተንጣሎበታል።

"እትዬ፣ ይሄ የአራስ ነገር እኮ ነው" አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ናት? ሆዷ ተነክቷል። ልጅ ወጣ፣ ድንጋይ ወጣ፣ ለሆድ ምን ልዩነት አለው? አራስ ናት።"

"አክስቴ፣ ቅባት ከልክለውኛል" አለች ልጄ።

"እነሱ አራስ አርሰው ያውቃሉ?"

እኛ ዘንድ ወግ ነው። ሆዷ የተነካ ሴት ንፋስ አይነካትም፣ ፀሐይ አታያትም፣ ሆዷ ባዶ ቦታ እንዳይቀርበት በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እናቴም አስራኛለች፣ እኔም ልጄን በሁለቱም ወሊዷ አስሬያታለሁ። ገንፎውን እምቢ ስትል ከልጄ ጎን ቆምኩ፤ መቀነቱን ግን እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኩት። ፕላስተሮቹን ጨርቅ ሸፍኜ፣ አዙሬ አዙሬ አጠበቅሁት። ልጄ ሳለችና ተገረመች። "እማዬ፣ በስመአብ እንኳ አላልኩም" አለችኝ፤ ከጎረቤቶቿ የለመደችው አነጋገር ነው። "አላመመኝም እኮ!"

ማግስቱን ትከሻዬን አለች። ሲስተር ብትነግረኝም አላመንኩም ነበር፤ ሆዷን ተነክታ ትከሻዋን ስትይዝ ማየት ሌላ ነገር ነው። መተንፈስ አቃታት። ፓራሲታሞሉ ሆዷን ያስታግሳል እንጂ ትከሻዋን አልነካውም። እትዬ ከትራሱ ስር ማጭዱን አወጣችና ጫፉን ፍም ውስጥ ከተተችው።

"ምን ልትሠሪ ነው?"

"አንዴ ችስ ላደርጋት ነው። አየር ነው አላችሁ፣ አየሩ ይውጣ። እሳቱ ሲያማት ያኛውን ትረሳዋለች።" ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ የድሮ ጠባሳዋን አሳየችኝ። "ይኸው፣ ሞትኩ? እዚህ ቁጭ ብዬ አይደለም?"

የማጭዱ ጫፍ መቅላት ጀመረ። ልጄ አልጮኸችም። እኔን ብቻ ታየኛለች።

"ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ ትራመድ" አልኩ።

"አራስ ስትራመድ አይተሻል?"

"አላየሁም። ካልሆነላት ትተኩሺያታለሽ።"

ደግፌ ወደ ግቢ አወጣኋት። የግቢያችንን ኒም ዛፍ እየዞርን ተራመድን። እትዬ በሩ ላይ ቆማ "ንፋሱ! ኧረ ንፋሱ!" ትላለች። መጀመሪያ በየርምጃው ትቆም ነበር። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ከጆሮዋ ስር ወረደ። ጥላው ወደ አጥሩ ሳይደርስ ልጄ በረጅሙ ተነፈሰችና "ለቀቀኝ" አለች። እትዬ ማጭዱን ውሃ ውስጥ ጨመረችው። የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ያን ቀን ኮራሁ። አወቅሁት ብዬ ነበር። ለትከሻ መራመድ፣ ለሆድ መቀነት፣ ለቀሪው ክኒኑን በሰዓቱ። ብርቱውን ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። እትዬ እንኳ "ይቺ የባጃጅ ልጆች መሪ ላይ የሚተኙባት ክኒን አይደለችም እንዴ? ጣያት" ብላኝ ነበር። አልጣልኩም። ሕመሟ ሲቀንስ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታጫውት አየሁ። ስንት ነው ስላት "አንድ" ትለኛለች። ቀልድ ሆኖ ነበር እኮ። እትዬ ሳትቀር "ሙሽሪት፣ ጉልበቴ ዛሬ አራት ነው" ትላለች።

ከዚያ አንድ ቀን ቁርሷን መለሰች። ምግብ አስጠላኝ አለች። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ቀረች። ስንት ነው? "ሁለት።" ፓራሲታሞሉን ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ ትከሻዬን አለች። እሺ፣ ይሄንንስ አውቄዋለሁ ብዬ ወደ ኒሟ ወሰድኳት። ዞርን፣ ዞርን፤ አለቀቃትም። መቀነቱ ላላ መስሎኝ ይባስ አጠበቅሁት። ብርቱውን ስጪኝ አለች፤ ፈትቼ ሰጠኋት። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለች።

ደህና ሆነች ብላ እትዬ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ፊቷን አየሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ውጪው ሐሩር ነው፤ የቆላው ንፋስ አቧራ እያነሳ በሩን ይደበድባል፤ ሰው ሁሉ አልቦታል። እግሯን ብነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። አታቃስትም። ከንፈሯ ግን በእንቅልፏ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ሰው አፏን ይዞባት ልትነግረኝ እንዳቃታት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳልጠይቃት፣ "እማዬ" አለችኝ። "ሰባት።"

ይቺ ልጅ ስትወልድ ከጎረቤት የሰማት የለም። ጣቷን በር ሲቆርጣት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ደሙን በቀሚሷ ይዛ መጥታ "እማዬ፣ ትንሽ ነው" ነው ያለችኝ።

ወደ ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። መቀነቱን ፈታሁት። ሲፈታ ሆዷ ተከትሎት ወጣ። ተነፍቶ ነበር። በመዳፌ ጫን ብል አይገባልኝም፤ እንደ ደረቀ ቆዳ ቆሟል። ገላዋ ያቃጥላል። አገጯን ይዤ ዓይኗን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ነጩ ነጭ አይደለም። እርድ የነካው ጨርቅ ያጠቡበት ውሃ ነው የሚመስለው።

እትዬ ደርሳ "የወጡ እርድ ነው፣ ትናንት አብዝተሽበታል" አለች። ድምጿ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

"እርድ ዓይን ውስጥ ይገባል እትዬ?"

ጎንበስ ብላ የልጄን ዓይን አየች።

"እማዬ፣ ያቺን ክኒን ስጪኝ" አለች ልጄ። "ስጪኝና የፈለግሽው ቦታ እሄዳለሁ።"

ቋጠሮው እጄ ላይ ነው። ሰጥተው እንዳያስተኙብኝ ያለችኝ ሲስተር ፊቴ ላይ ቆማለች። ብሰጣት ይሄ ሕመም ተመልሶ ይደበቃል፤ ተደብቆ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ስንት ነው ሲላት ሁለት ብትለውስ? ምንም የለባትም ብሎ ቢመልሰንስ?

"አይሆንም ልጄ።"

"ስጫት አንቺ!" አለች እትዬ። "አንጀት የለሽም? ጠላትሽ ናት?"

"አይሆንም አልኩ!"

ፓራሲታሞሉን ብቻ አስዋጥኳት። ባጃጅ ጠርተን መናኸሪያ ሄድን። የሚኒባሱ ሾፌር "እስከ ወልድያ ነው እናቴ፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም" አለኝ። "እስከ ወልድያ ውሰደን፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል" አልኩት። እትዬ ከኋላ ወጥታ የልጄን ራስ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ያን መንገድ እንዴት ብዬ ልናገረው? ጉብታ በመጣ ቁጥር የነጠላዬን ጫፍ ትነክሳለች። ክኒኑ የተቋጠረበት ጫፍ ነው። ቋጠሮው ከጥርሷ አጠገብ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ተሳፋሪው "ያ ጀመዓ፣ ቀስ በልላቸው እንጂ" ሲል ሾፌሩ "ብዘገይ ኬላው ይዘጋብኛል፣ የቱ ይሻላታል?" ይለዋል። ወልድያ ላይ የሚነሳ መኪና አገኘን። እስከ ደሴ ድረስ ከልጄ አፍ ቃል አልወጣም።

ሐኪሙ ሆዷን ሲነካት ጮኸች። ልጄ ስትጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። በአልትራሳውንድ አይተው ነገሩኝ። ከተቆረጠው ሐሞት ከረጢት ላይ የተዘጋው ቦታ ያፈስ ነበር። ሐሞቱ በየቀኑ ሆዷ ውስጥ እየተንጠባጠበ ተጠራቅሟል። በኋላ ትከሻዋን ያመማትም ያው ነው፣ አየር አይደለም። በቶሎ በቱቦ ማውጣት አለብን አሉ።

ሐኪሙ መቀነቱን በሁለት ጣቱ አንስቶ "ይሄን ማን አሰረው?" አለ።

"እኔ።"

"ይሄ አላፈሰሰውም፣ እንዳይጨነቁ። ግን ሆዷ ሲነፋ እንዳታዩት አድርጓችኋል። ማስታገሻውን መቼ ነው የወሰደችው?"

"ብርቱውን ከትናንት ወዲህ አልሰጠኋትም" አልኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። "ሕመሙ እንዳይደበቅብዎት ብዬ ነው። መንገዱን ሁሉ እንዲያው ነው የመጣችው።"

ዓይኑን ከልጄ ላይ አንስቶ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። "እናት፣ ሰጥተዋት ይዘዋት ቢመጡም እኮ ችግር አልነበረውም። እናገኘው ነበር። ሰጥታችሁ ቤት አታስቀምጧት ነው የተባላችሁት። ዋናው መምጣታችሁ ነው፤ ይሄ ጉዳይ ሌላ ቀን አይጠብቅም ነበር።"

ልጄ ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያችው ሲስተር ናት የመጣችው። መርፌውን ይዛ "ስንት ነው?" ስትላት ልጄ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደኔ አየች፤ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ እንደሚያየው። "ዘጠኝ" አለች። ወጓት። ቱቦውን ከጎኗ አስገቡላት፣ በጫፉ ከረጢት ተንጠለጠለ። ጥቁር አረንጓዴ ነገር እየወረደ ሞላው። እትዬ አንዴ አይታው ወጥታ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። እኔ ከረጢቱን ሲለውጡ፣ ደግሞ ሲሞላ፣ ደግሞ ሲለውጡ እያየሁ ቆየሁ። እያነሰ መጣ። በመጨረሻ ደረቀና ቱቦውን አወጡላት። አልሐምዱሊላህ።

አሁን ቤታችን ናት። ልጇን ታዝላለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ድናለች ይላሉ። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። የሚያማት ቀን ሲኖር ለኔ አትነግረኝም። ነጠላዋን ትከናነብና ወደ አክስቷ ቤት ትሄዳለች። እትዬም አትነግረኝም። ብቻ ማታ ስታልፍ "ሙሽሪት፣ ዛሬ ደህና ናት፣ ተያት" ትለኛለች። ዛሬ የሚለው ቃል ልቤን ይወጋኛል።

ባለፈው ጠዋት በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ቀረብ አልኩና ቅንድቧ ላይ ገለባ አለ ብዬ ፊቷን ያዝኩ። ገለባ የለም። እሷም ታውቃለች።

"ቢጫ አይደለም እማዬ" አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።